ኬ-ሶል እና ቢ-ሶል ሲያስቸግሩ፦ የክሪስታሉን ውሃ በሞዴሉ ውስጥ በትክክል ማስገባት

ሪፋይንመንቱ፣ ማለትም የፕሮቲኑን ሞዴል ከኤክስሬይ ዳታው ጋር ማስማማቱ፣ አልቋል። አር (በተለካውና ከሞዴሉ በተሰላው መካከል ያለው ልዩነት) 21 በመቶ፣ አር-ፍሪ (ለፈተና ተለይቶ በተቀመጠ ዳታ ላይ የሚሰላው አር) 25 በመቶ። ጥሩ ነው። ከዚያ ሎግ ፋይሉን ከፍታችሁ በሪዞሉሽን የተከፋፈለውን ሰንጠረዥ ታያላችሁ። ታች ያሉት መስመሮች ሰላም ናቸው። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ግን፣ ከ30 እስከ 7 አንግስትሮም ያለውን በያዘችው፣ አር 42 በመቶ ይላል።

ብዙ ሰው ይህችን መስመር አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። ሪፍሌክሽኖቹ (የተለኩት የኤክስሬይ ነጥቦች) ጥቂት ስለሆኑ አጠቃላዩን አር ብዙም አያንቀሳቅሱትም። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ሳልፍ ነበር። ያቺ መስመር በፕሮቲኑ ዙሪያ ስላለው ውሃ እንደምታወራ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ሞዴል ላለውና ሪፋይንመንት ለጀመረ ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ይህን ውሃ በሞዴሉ ውስጥ የሚወክሉት ሁለት ቁጥሮች፣ ኬ-ሶል እና ቢ-ሶል፣ አር እስኪወርድ የሚጠመዘዙ ቁልፎች አይደሉም። እንደ ቴርሞሜትር ንባብ ውሰዷቸው። ታማሚው ሲያተኩስ ቴርሞሜትሩን የሚጠግን የለም።

ውሃው ምን አገባው?

የፕሮቲን ክሪስታል እንደ ጨው ድፍን አይደለም። በአማካይ ግማሽ ያህሉ ውሃና በውሃው ውስጥ የሟሙ ነገሮች ናቸው። ከፕሮቲኑ ገጽ ጋር የተያያዙት ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች ቦታቸው ስለሚታወቅ ማፑ (የኤሌክትሮን ጥግግት ካርታው) ላይ ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ አንድ በአንድ እንሰካቸዋለን። የቀረው እንደልቡ የሚንቀሳቀስ ነው። ባልክ ሶልቨንት የምንለው እሱን ነው። ነጥብ ሆኖ አይታይም፣ ኤሌክትሮን ግን አለው።

አሁን ሦስት ቁጥሮች ያዙ። የፕሮቲን የኤሌክትሮን ጥግግት በኪዩቢክ አንግስትሮም 0.43 ገደማ ነው። የንጹህ ውሃ 0.33 ገደማ። የባዶ ቦታ ደግሞ 0። በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ኤክስሬይ የሚያየው የአተሞችን ዝርዝር አይደለም፣ በፕሮቲኑና በዙሪያው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ነጭ ሐውልት ጥቁር ግድግዳ ፊት ቢቆም ከሩቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግድግዳው ፈዛዛ ግራጫ ከሆነ ግን ቅርጹን ለመለየት ዓይን ያጨናብሳል። ሞዴላችሁን ያለ ውሃ ብታሰሉት ልዩነቱ 0.43 ይሆናል። እውነተኛው ክሪስታል ውስጥ ያለው 0.10 ብቻ ነው። ስለዚህ የምታሰሉት ኤፍ (የሪፍሌክሽኑን ሞገድ የሚገልጸው ቁጥር) በዝቅተኛው ጫፍ ከተለካው በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ክሪስታሉ አሞኒየም ሰልፌት ከበዛበት መፍትሔ የወጣ ከሆነ የሶልቨንቱ ጥግግት ወደ 0.4 ይጠጋል፤ ልዩነቱም ይበልጥ ይሳሳል።

እግረ መንገዴን፦ ዝቅተኛ ሪዞሉሽን ስል የአንግስትሮም ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ማለቴ ነው። ይህ መገላበጥ ጀማሪን ሁልጊዜ ያምታታል።

ድሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። ከ6 ወይም ከ8 አንግስትሮም በላይ ያለውን ዳታ መጣል። ችግሩ ይጠፋል፣ አርም ያምራል። ግን እነዚያ ሪፍሌክሽኖች የሞለኪውሉን አጠቃላይ ቅርጽ ይሸከማሉ። ስትጥሏቸው ማፑ ይዝረከረካል፣ ደካማ ሉፖች ይበጣጠሳሉ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሳገኝ እከራከራለሁ።

ቀመሩ በአጭሩ

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ጂያንግና ብሩንገር በ1994 ያጠኑት የማስክ ሞዴል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፕሮቲን የሌለበትን ቦታ ሁሉ አንድ ወጥ ጥግግት ባለው ነገር ሙሉት። የዚያን ቦታ ኤፍ አስሉና ከአተሞቹ ኤፍ ጋር ደምሩት። ሲደመር በሁለት ነገር ይባዛል። አንደኛው ኬ-ሶል ነው፣ የሶልቨንቱ ጥግግት። ሁለተኛው በቢ-ሶል የሚወሰን ማለዘቢያ ነው። ማለዘቢያው የሚሰላው ቢ-ሶልን ለ4 እና ለሪዞሉሽኑ ካሬ አካፍሎ፣ ውጤቱን ኔጌቲቭ አድርጎ የኤክስፖኔንሻል ኃይል ላይ በማስቀመጥ ነው። ቢ-ሶል የሚያለዝበው በፕሮቲኑና በውሃው መካከል ያለውን ጠርዝ ነው።

በ2002 ፎኪንና ኡርዙምትሴቭ ብዙ የተመዘገቡ መዋቅሮችን ፈትሸው ኬ-ሶል 0.35፣ ቢ-ሶል 46 አካባቢ እንደሚሰበሰቡ አሳይተዋል። እነዚህን ይዘን ማለዘቢያውን እናስላ። በ20 አንግስትሮም 0.97 ነው። በ10 ላይ 0.89። በ6 ላይ 0.73። በ4 ላይ 0.49። በ3 ላይ 0.28። በ2 ላይ 0.06 ብቻ ይቀራል። የማስኩ ኤፍ ራሱም በከፍተኛ ሪዞሉሽን ቶሎ ስለሚቀንስ፣ ከ3 ወይም 4 አንግስትሮም ወዲያ የባልክ ሶልቨንት ድምፅ ከነጭራሹ ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ሌላው መንገድ ባቢኔ የሚባለው ነው። ማስክ አያስፈልገውም። በዝቅተኛ ሪዞሉሽን የውሃው ኤፍ የፕሮቲኑ ኤፍ ግልባጭ ነው ብሎ ይነሳና ከአተሞቹ ኤፍ ላይ የተወሰነ ክፍል ይቀንሳል። በ1975 ሞውስና ክሬትሲንገር ተጠቅመውበታል፤ ሼልክስኤል በሚባለው የሪፋይንመንት ፕሮግራም ውስጥ ያለው የስዋት ትእዛዝም የዚሁ ዘር ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የባቢኔ ኬ-ሶል የሁለት ጥግግቶች ጥምርታ ስለሆነ 0.75 እስከ 0.95 ቢሆን ጤነኛ ነው። ቢ-ሶሉም 200 አካባቢ ይሆናል። ከማስክ ሞዴል 0.35 እና 46 ጋር አታነጻጽሩት። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሬፍማክ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ሁለቱን መንገዶች ማጣመር ስለሚፈቅድ፣ ሎጉን ስታነቡ ቁጥሩ የየትኛው እንደሆነ ለዩ።

አንደኛ፦ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ

ፕሮግራሙን ከማስነሳታችሁ በፊት ካልኩሌተር አንሱ። ሁሉም የሚያውቀውን የዶሮ እንቁላል ላይሶዛይም እንውሰድ። ቴትራጎናል ክሪስታሉ በሁለቱ ጎን 79፣ በሦስተኛው 38 አንግስትሮም ገደማ ነው። ሲባዛ የዩኒት ሴሉ ይዘት 237,000 ኪዩቢክ አንግስትሮም ይሆናል። ውስጡ 8 ሞለኪውል አለ፣ እያንዳንዱ 14,300 ዳልተን። አካፍሉት፦ 2.07። ይህ የማቲውስ ቁጥር ነው። አሁን 1.23ን ለ2.07 አካፍሉና ከ1 ቀንሱ። 0.41፣ ማለትም 41 በመቶ ሶልቨንት።

ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ፕሮግራሙ ማስኩ ከሴሉ ምን ያህሉን እንደያዘ ሲነግራችሁ ታነጻጽሩታላችሁ። የተሰኩት ውሃዎች ከማስኩ ቦታ ስለሚቀንሱ የማስኩ ድርሻ ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ። 41 በመቶ ስትጠብቁ 60 ካላችሁ ግን ነገር አለ። ምናልባት አንድ ሙሉ ዶሜይን አልተሠራም፤ ፕሮግራሙም ቦታውን በውሃ ሞልቶታል።

ሁለተኛ፦ ዝቅተኛውን ዳታ መርምሩ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን። ከማያቸው መጥፎ የኬ-ሶል ቁጥሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከሞዴሉ ሳይሆን ከመለኪያው ነው።

የዲፍራክሽን ምስሉን ክፈቱና መሃሉን አጉሉት። ዋናውን ጨረር የሚያግደው የቢም ስቶፑ ጥላ የት ያልቃል? የያዘው ክንድስ? ኢንቴግሬሽን (የስፖቶቹን ጥንካሬ መለካት) ስትሠሩ ያ ጥላ በትክክል ካልተሸፈነ፣ ግማሽ ጥላ ውስጥ ያሉ ሪፍሌክሽኖች ደካማ ተደርገው ይለካሉ። ሌላው ችግር ከመጠን በላይ የበራ ስፖት ነው። ዲቴክተሩ ሞልቶ ከፈሰሰ ጠንካሮቹ ሪፍሌክሽኖች ወይ ይጣላሉ ወይ አንሰው ይመዘገባሉ። ጠንካሮቹ ደግሞ በብዛት ያሉት እዚሁ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ኬ-ሶል አልስተካከል ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ማስኩን ስነካካ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ጥላውን የሚሸፍነውን ክብ ከሌላ ዳታ ሴት ገልብጬ ነበር፤ የዲቴክተሩ ርቀት ግን ተቀይሯል። ክቡን አስተካክዬ ኢንቴግሬሽኑን ስደግመው ነገሩ በአንድ ሰዓት አለቀ።

ስለዚህ ከ10 አንግስትሮም በላይ ያለውን ምሉዕነት ለብቻው እዩ። አጠቃላዩ 99 በመቶ ሆኖ ይህ ክፍል 60 በመቶ ሊሆን ይችላል። የተለካውና የተሰላው ኤፍ በጣም የተራራቁባቸውን ሃያ ሪፍሌክሽኖች አውጡና ምስሉ ላይ ፈልጓቸው። ጥላ ጠርዝ ላይ ከተኮለኮሉ ተጠርጣሪው ተያዘ።

ዝቅተኛው ዳታ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳያችሁ። ሦስት ጥንዶች ውሰዱ፦ ኬ-ሶል 0.30 ከቢ-ሶል 31 ጋር፣ 0.35 ከ46 ጋር፣ 0.45 ከ71 ጋር። በ5 አንግስትሮም ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፣ 0.22። ዳታችሁ ከ5 አንግስትሮም ከጀመረ ፕሮግራሙ የትኛውን ይምረጥ? አያውቅም። አንዱን ያነሳል፣ በማግስቱም ሌላውን። በ20 አንግስትሮም ግን 0.29፣ 0.34 እና 0.43 ሆነው ይለያያሉ። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያላቅቃቸው ያ የተጣለው ዳታ ነበር።

ሦስተኛ፦ ማስኩ እንዴት እንደሚሳል ተረዱ

ፕሮግራሙ ሴሉን በጥቃቅን ነጥቦች ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ አተም ዙሪያ የአተሙን ሬዲየስና የሶልቨንቱን ሬዲየስ ደምሮ ክብ ይሠራል። ክቡ ውስጥ የገባ ነጥብ ሁሉ ውሃ አይደለም። ከዚያ ድንበሩን በመቀነሻው ሬዲየስ ያህል መልሶ ወደ ፕሮቲኑ ያስጠጋዋል። በፌኒክስ ፕሮግራም እነዚህ ሁለት ቁጥሮች 1.1 እና 0.9 አንግስትሮም አካባቢ ናቸው፤ በሲኤንኤስ ሁለቱም 1.0 ነበሩ።

አስፍቶ መልሶ ማጥበብ ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሄሊክሶችን አስቡ። መሃላቸው የውሃ ሞለኪውል የማታስገባ ስንጥቅ አለች። ስታሰፉ ስንጥቋ ትደፈናለች። ስታጠቡ ውጫዊው ድንበር ይመለሳል፣ የተደፈነችው ስንጥቅ ግን ከውስጥ የሚገፋት ውሃ ስለሌለ እንደተደፈነች ትቀራለች። የተፈለገውም ይኸው ነው።

ነባሪዎቹን ቁጥሮች እንድትነኩ አልመክርም። መፈተሽ ካስፈለገ ፌኒክስ ማስኩን ራሱ እንዲያመቻች የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ሬፍማክም የሶልቨንት ማመቻቻ ትእዛዝ አለው። በእጅ ስትሞክሩ በ0.1 ወይም 0.2 እርምጃ ሂዱ። ዳኛው አር-ፍሪ ይሁን፣ በተለይ የዝቅተኛው ክፍል። የነጥቦቹ ርቀት ከሪዞሉሽኑ አንድ አራተኛ ገደማ ይሁን፤ ለ3 አንግስትሮም ዳታ 0.75 ማለት ነው። ከዚያ ከሰፋ ማስኩ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ይሻክራል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ኦኩፓንሲያቸው (ቦታው ላይ የመገኘት ድርሻቸው) ዜሮ የሆኑ አተሞች። የማይታይ የላይሲን ጫፍ ላይ ዜሮ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ፕሮግራሙ እነዚህን ማስኩ ውስጥ ይቆጥራቸዋል ወይስ ይዘላቸዋል? የምትጠቀሙበትን ቅጂ መቼት እዩ። ከቆጠራቸው ቦታው ፕሮቲንም ውሃም የሌለበት ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፦ አስኪዱና ንባቡን ተርጉሙ

ባልክ ሶልቨንቱና አጠቃላዩ ስኬል አብረው ይሰሉ። በአቅጣጫ የሚለያየው አኒሶትሮፒክ ስኬሉም እንደዚያው። አንዱን አስሮ ሌላውን መፍታት ስህተቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ማስኩም ሞዴሉ በተቀየረ ቁጥር ይታደስ።

ኬ-ሶል ከ0.3 እስከ 0.4፣ ቢ-ሶል ከ30 እስከ 70 ባለው ውስጥ ከሆኑ ሻይ ጠጡ። ካልሆኑስ?

ኬ-ሶል ወደ ዜሮ ከተጠጋ መጀመሪያ ሞዴሉን ጠርጥሩ። ትልቅ ክፍል ከጎደለ ወይም ሞለኪውሉ ቦታው ላይ ካልተቀመጠ ማስኩ ራሱ ውሸት ነው። ፕሮግራሙ የማይረባ ማስክ ሲሰጠው ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፣ ልክ ነው። ሞዴሉ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ የተሳሳተ ሸለቆ ውስጥ ተቀርቅሮ ይሆናል። ኬ-ሶልን ከ0 እስከ 0.6፣ ቢ-ሶልን ከ0 እስከ 100 በደረጃ እየቀያየራችሁ ሁሉንም ጥንድ ፈትሹ፣ ከዚያ ከተሻለው ተነሱ።

ኬ-ሶል ከ0.5 በላይ ከወጣ የክሪስታላይዜሽን መፍትሔውን አስታውሱ። ከባድ ጨው በብዛት ከነበረበት ከፍ ማለቱ አይገርምም። ከሌለበት ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተመለሱ። አንሰው የተለኩ ጠንካራ ሪፍሌክሽኖች የተሰላውን ኤፍ አብዝቶ ለመቀነስ ኬ-ሶልን ወደ ላይ ይጎትቱታል።

ቢ-ሶል ከ100 ካለፈ የማስኩ ጠርዝ አልታመነም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ያልተሠሩ ሉፖችና ጎን ሰንሰለቶች ናቸው ምክንያቱ። ሥሯቸው፣ ቁጥሩ ራሱ ይወርዳል። ኬ-ሶል ደህና ሆኖ ቢ-ሶል ብቻ ከዙር ዙር የሚዘል ከሆነ ግን የዚያ የሦስት ጥንዶች በሽታ ነው፤ ዝቅተኛ ዳታ ያንሳችኋል።

ቁጥሩ ስላላማረ ብቻ 0.35 እና 46 ላይ ቆልፎ ማለፍ የሚመክሩ አሉ። ዝቅተኛው ዳታ በእርግጥ ከሌለ እኔም አደርገዋለሁ። ዳታው እያለ ማድረግ ግን የጭስ ጠቋሚውን ባትሪ እንደማውጣት ነው።

አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ላይ ሌላ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ከ2013 ወዲህ ፌኒክስ ሁለት ቁጥር ከመፈለግ ይልቅ ለእያንዳንዱ የሪዞሉሽን ክፍል የራሱን የማስክ ስኬል የሚያሰላ መንገድ ይዟል። ፈጣን ነው፣ ውጤቱም የተሻለ ነው። የምታነቡት ግን ዝርዝር ይሆናል። በዝቅተኛው ጫፍ 0.35 አካባቢ ጀምሮ ወደ 3 አንግስትሮም ሲሄድ በዝግታ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። መሃል ላይ ድንገት የሚዘል ክፍል ካያችሁ የዚያን ክፍል ሪፍሌክሽኖች መርምሩ፤ ክሪስታሉ ላይ ከተፈጠረ በረዶ የመጣ ቀለበት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ ውሃ የማይገባባቸው ቦታዎች

የማስክ ሞዴል አንድ የዋህነት አለው። ባዶ ያየውን ሁሉ ውሃ ነው ይላል። ፕሮቲኑ መሃል ሉሲን፣ ቫሊንና ፌኒልአላኒን የከበቡት ኪስ ሊኖር ይችላል። እውነተኛ ውሃ እዚያ መግባት አይፈልግም። ማስኩ ግን ይሞላዋል። ኩት በሚባለው የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የልዩነት ማፑን ስትከፍቱ ኪሱ መሃል ቀይ ጉድፍ (ሞዴሉ ከዳታው ያበዛበት ምልክት) ቁጭ ብሎ ታያላችሁ። ምንም አተም ያልሰካችሁበት ቦታ ላይ ቀይ ካያችሁ መጀመሪያ ማስኩን ጠርጥሩ። የሶልቨንቱን ሬዲየስ ትንሽ ማሳደግ አንዳንዴ ኪሱን ይዘጋዋል።

ተቃራኒው የበለጠ ይጎዳል። ሊጋንድ (ከፕሮቲኑ ጋር የሚጣበቅ ትንሽ ሞለኪውል) ፍለጋ ላይ ናችሁ እንበል። ሊጋንዱን ገና አልሰካችሁም፣ ስለዚህ ማስኩ ቦታውን በውሃ አጥለቅልቆታል። የሊጋንዱ ኦኩፓንሲ ዝቅተኛ ከሆነ ደካማ ምልክቱ በውሃው ሥር ይሰምጣል። አረንጓዴ (ሞዴሉ ያጎደለበት ምልክት) ስትጠብቁ ምንም የለም። ለዚህ የተሠራው በ2017 የወጣው የፖልደር ማፕ ነው። ሊጋንዱን ያወጣል፣ በዙሪያው ያለውን ትንሽ ቦታም ከማስኩ ይከለክላል። ፖልደር በሆላንድኛ በግድብ ተከልሎ ውሃው የተቀዳ መሬት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው አውቆበታል። ጥንቃቄ ግን ያሻል። የተከለከለው ቦታ ውስጥ እውነተኛ ባልክ ሶልቨንት ካለ እሱም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቅርጹ ሊጋንዱን መምሰል አለበት። ድቡልቡል ነገር ሁሉ መድኃኒት አይደለም።

ስድስተኛ፦ ከማስመዝገባችሁ በፊት

ሞዴላችሁ የተጻፈበትን የፒዲቢ ፋይል በጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱና ሪማርክ 3ን ፈልጉ። እዚያ ባልክ ሶልቨንት የሚል ክፍል አለ። የትኛው ሞዴል እንደተሠራበት፣ የማስኩ ሬዲየሶች፣ ኬ-ሶልና ቢ-ሶል ይጻፉበታል። ሎጉ ላይ ካያችሁት ጋር አንድ መሆናቸውን እዩ። በሁለት ፕሮግራም ሠርታችሁ ከነበረ የቀድሞው ቁጥር እዚያው ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ጥቂት መስመር ከፍ ስትሉ ደግሞ የዝቅተኛው ሪዞሉሽን ወሰን አለ። ዳታው 45 አንግስትሮም ድረስ ተለክቶ እዚያ 8 ተጽፎ ካገኛችሁ፣ የሆነ ቦታ የተረሳ አሮጌ መቁረጫ ትእዛዝ አለ። አውጡት፣ እንደገና አስኪዱ፣ የመጀመሪያዋንም መስመር ተመልከቱ።